ስም ጠርተን ሌላ «አቤት» ቢለንስ?

የምንጠቀምበት ፕሮግራም ሁሉ ራሱን የቻለ ይመስለናል። አይደለም! ብዙው ሥራ ላይ እያለ ሌሎች ሰዎች የጻፉትን ኮድ በስም እየጠራ ያስገባል። ይህ ነገር ምን እንደሰጠንና ምን እንዳስከፈለን ለማየት የፐርልን ታሪክ የመሰለ የለም።

ፐርልን እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው ሥነ ልሳን የተማረው አሜሪካዊ ላሪ ዎል ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሲ ቋንቋ የተጻፈ ተጨማሪ ችሎታ የፈለገ ሰው ፐርልን ራሱን እንደገና መገንባት ነበረበት። ኦራክል ከተባለው የመረጃ ቋት ጋር ለመነጋገር «ኦራፐርል»፣ ከሳይቤዝ ጋር ደግሞ «ሳይብፐርል» የሚባሉ ለየብቻ የተሠሩ ፐርሎች ነበሩ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ቤቱን አፍርሶ መሥራት በሉት።

በኦክቶበር 1994 የወጣው ፐርል 5 ይህን ገላገለ። ፕሮግራሙ እየሄደ ሳለ ሞጁሉን በስሙ ይጠራል፤ በሲ የተጻፈው ሳይቀር ያኔውኑ ገብቶ ሥራ ይጀምራል። በ1995 ደግሞ ሲፓን የተባለው የሞጁሎች ማከማቻ ተከፈተ። ፕሮግራመሩም «ይህ ሞጁል ካለ እጠቀምበታለሁ፣ ከሌለም ያለሱ እቀጥላለሁ» ማለት ቻለ።

ታዲያ ችግሩ የቱ ጋ ነው? እዚሁ «ከሌለም» ላይ።

ፐርል የተጠራውን ሞጁል የሚፈልገው በተራ በተዘረዘሩ ፎልደሮች ውስጥ ነው። የዝርዝሩ መጨረሻ አንዲት ነጥብ ነበረች፤ ትርጉሟም «አሁን ያለሁበት ፎልደር» ማለት ነው። ሞጁሉ ማሽኑ ላይ ካለ ቀድሞ ስለሚገኝ ችግር የለም። ከሌለ ግን ፍለጋው እስከ ነጥቧ ይዘልቃል። እንግዲህ ብዙ ሰው በሚጋራው ኮምፒውተር ላይ አንድ ተንኮለኛ፣ ማንም መጻፍ በሚችልበት ፎልደር ውስጥ በዚያው ስም ፋይል አስቀመጠ እንበል። የማሽኑ አስተዳዳሪ እዚያ ፎልደር ውስጥ ሆኖ ፕሮግራሙን ቢያስነሳ፣ የተንኮለኛው ኮድ በአስተዳዳሪው ሥልጣን ይሠራል። ሳይጠሩት አቤት ማለት ይኸው ነው።

አደጋው በ2016 እንደ ደኅንነት ክፍተት በይፋ ተመዘገበ። በሜይ 2017 የወጣው ፐርል 5.26 ነጥቧን ከዝርዝሩ አወጣት። በእሷ ላይ ተማምነው የነበሩ አሮጌ ፕሮግራሞች ተሰናከሉ፤ ባለቤቶቻቸውም ሊያርሟቸው ተገደዱ።

ፐርል 5 ከወጣ 23 ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም ነበር። ይህን ሁሉ ጊዜ ፐርል የሚጠይቀው ስም ብቻ ነበር፤ «ከየት መጣህ?» ብሎ አያውቅም። ስም ደግሞ ማንም ሊይዘው ይችላል።