ከቢሲዲሞ የምንማረው፤ ስለ ሕሙማንና ስለ ቤተ ሰብ ጉባኤ

ከድሬዳዋ ተነሥቶ በሐረር በኩል ወደ ባቢሌ የሚጓዝ ሰው በመንገዱ ቢሲዲሞን ያገኛል። በዚያ በ1958 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ያቋቋመው በ1957 በጀርመን አገር በቩርዝቡርግ የተመሠረተ የእርዳታ ማኅበር ነው። የደዌውን ረቂቅ ተሐዋሲ ኖርዌያዊው ሐኪም ሐንሰን በ1873 አግኝቶት ነበር፤ መድኃኒቶችን አጣምሮ መስጠትም በ1981 በዓለም የጤና ድርጅት ተመከረ። ዛሬ ሕመምተኛው ይድናል፤ ደዌውም በጥቂቶች ላይ ብቻ የሚታይ ሆኗል። ይሁን እንጂ ከዘመድ የለየው ፍርሃት በመድኃኒት አልጠፋም።

ይህን ፍርሃት ለማስወገድ ፈረንሳዊው ራኡል ፎሌሮ በ1954 የዓለም የሥጋ ደዌ ቀን እንዲከበር አደረገ። በአገራችን ግን ትልቁ እርምጃ በ1996 ደዌው የነካቸው ሰዎች ራሳቸው ብሔራዊ ማኅበር ማቋቋማቸው ነው፤ በእንግድነት ከመጠራት አልፈው ጠሪዎች ሆኑ።

ስለዚህ በድሬዳዋ ጥቂቶችን ብቻ ለሚያገኝ ሕመም የቤተ ሰብ ጉባኤ የሚያዘጋጅ ተማሪ አስቀድሞ ሕመምተኞቹን ይጠይቅ። እግሩ የደነዘዘ ሰው ሩቅ መንገድ ቢሄድ ሳይሰማው ይቈስላልና አዳራሹ ከአውቶቡስ መውረጃ ይቅረብ፤ ሰዓቱም ሐሩሩ የሚበርድበት ይሁን። ስሙ እንዲጠራ፣ ፎቶግራፍ እንዲነሣ የሚፈቅደውም ሕመምተኛው ራሱ ነው። የክብር እንግዳው ንግግር አጥሮ የሕመምተኛው እናት ቃል ቢረዝም፣ ጉባኤው የተጠራበትን ጉዳይ ፈጸመ ማለት ነው።