ሠላሳ ሁለት ኪሎባይት ወደ ኋላ

አውሮፓ ለትምህርት በሄድኩ በሁለተኛው ወር ነው። የዘረመል ፋይሎቼ የተፈቀደልኝን ቦታ ሞልተውት፣ ሁሉም ተማሪ በሚገባበት የክላስተሩ ማሽን ላይ ፒግዚ የተባለውን የፋይል ማመቂያ አስነሥቼ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ስመለስ የክላስተሩ ኃላፊ ኢሜይል ልኮልኛል። የማሽኑን ሃያ አራቱንም የፕሮሰሰር ኮር ጠቅልዬ ይዤ ኖሯል፤ የሌላው ሰው ጽሑፍ አንድ ፊደል ሲነካ ቆይቶ ቆይቶ ነበር የሚወጣው። «ሥራህን አቁሜዋለሁ፤ ቢሮ ብቅ በል» ይላል።

ስገባ አልተቆጣኝም። «የፒግዚ ስሙስ ቢሆን በእንግሊዝኛ አሳማ አይደል» ብሎ ሳቀና ወረቀት ስቦ ነገሩን ከሥሩ አስረዳኝ።

የፒግዚ መሠረት የሆነውን ማመቂያ ጂዚፕን ዣን-ሉ ጋይ እና ማርክ አድለር ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1992 ነው፤ የቀድሞው የዩኒክስ ማመቂያ የፓተንት ጣጣ ስለነበረበት። ዘዴው ግን የሃይፋ ቴክኒዮን መምህራን ለምፐል እና ዚቭ በ1977 ካሳተሙት ይወርዳል፦ የተደገመ ነገር ሲመጣ እንደገና አይጻፍም፤ «ይህን ያህል ወደ ኋላ ሂድ፣ ከዚያ ይህን ያህል ፊደል ቅዳ» ተብሎ ይታለፋል። ጂዚፕ ወደ ኋላ የሚያየው እስከ 32 ኪሎባይት ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ከፊቱ ያለፈውን ይፈልጋል ማለት ነው፤ ሥራውን ለብዙ እጅ ማከፋፈል የከበደውም ለዚህ ነው።

እጁ ግን እየበዛ ነበር፦ በ1994 ስተርሊንግ እና ቤከር ናሳ ጎዳርድ ውስጥ 16 ተራ ፕሮሰሰሮችን በኢተርኔት አያይዘው ቤዎልፍ የተባለውን ክላስተር ሠሩ። ርካሽ ክላስተር በየዩኒቨርሲቲው የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። ጂዚፕ ግን ስንት ኮር ቢቀርብለት በአንዱ ብቻ ይሠራል፤ የቀሩት ቁጭ ብለው ያያሉ።

መንገዱን ያሳየው ሌላ ማመቂያ፣ ቢዚፕ ቱ፣ ነው፤ ጁልያን ሱዋርድ በ1996 ሲያወጣው ፋይሉን ቢበዛ 900 ሺህ ባይት በሆነ ብሎክ እየቆረጠ፣ እያንዳንዱን ለብቻው ያምቅ ነበር። ለብዙ ኮር ታስቦ አልነበረም፤ ዘዴው ብሎኩን በሙሉ መደርደር ስለሚጠይቅ እንጂ። በኋላ ጄፍ ጊልክሪስት ፒቢዚፕ ቱን ሲሠራ ብሎኮቹን ለየኮሩ ማደል ብቻ ነበር የቀረው፤ እንደ ደቦ አጨዳ፣ ለየሰው የራሱ ትልም።

የአድለር መላ ግን ይበልጥብኛል። በ2007 ፒግዚን ሲጽፍ ፋይሉን በ128 ኪሎባይት ቆራረጠና ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የፊተኛውን ቁራጭ የመጨረሻ 32 ኪሎባይት አብሮ ሰጠው። ወደ ኋላ የሚታየው ያልታመቀው ፋይል ነው፤ እሱ ደግሞ ከመጀመሪያው እጃችን ላይ አለ፤ ጎረቤት እስኪጨርስ ማን ይጠብቃል! ሲፈታ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ወደ ኋላ የሚታየው ገና አልተፈታምና መፍታቱ በአንድ መስመር ይሄዳል።

«አንተ ጋ የተበላሸው እንዲህ ነው» አለኝ ኃላፊው፣ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ጠርዝ ላይ አሳርፎ። ፒግዚ ቁጥር ካልተነገረው የማሽኑን ኮሮች ቆጥሮ ሁሉንም ይወስዳል፤ ለባለቤቱ ብቻ በሆነ ኮምፒውተር ደግ ነገር ነው። እዚህ ግን ስለርም በሚባለው የወረፋ ፕሮግራም በኩል ኮር ታስይዛለህ፣ ከዚያ ሰረዝ ፒ ብለህ ያስያዝከውን ቁጥር ትጽፋለህ። ብዙ አትጠይቅ ደግሞ፤ ዲስኩ የጋራ ነው፣ ከሆነ ቁጥር በኋላ ኮሮቹ ዲስክ ጠባቂ ይሆናሉ።

ማታውን ስምንት ኮር ጠይቄ ወረፋ ያዝኩ። ከፊቴ አርባ ሥራ ተሰልፏል።