ከመቅደላ ገደል እስከ ጨፋ፦ ይቅር የሚለው ማን ነው?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ሸዋ ሮቢትን ካለፈ በኋላ ዞን እየቀያየረ ይጓዛል። ሸዋ ሮቢት ሰሜን ሸዋ ነው። ሰንበቴ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ነው። አጣዬ ተመልሶ ሰሜን ሸዋ። ከዚያ የጨፋ ሸለቆ ይዘረጋና የዞኑ ዋና ከተማ ከሚሴ ትመጣለች። ተሳፋሪው ወሰኑን ልብ አይለውም፤ የሰንበቴ የእሑድ ገበያም ብዙ ልብ ብሎት አያውቅም ነበር። ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባውና አፋሩ እዚያው ይሸጣል፣ እዚያው ይሸምታል። በጋው ሲከብድ ደግሞ ቦርከና ወደሚያረሰርሰው ወደ ጨፋ ሣር የሁሉም ከብት ይወርዳል።

በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ይህ መስመር ነደደ። የአጣዬ ሰፊ ክፍል ተቃጠለ። በሁለቱም ዞኖች በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ፤ የተፈናቀለው ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ቁስሉ ሳይደርቅ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ራሱ ከሚሴ ደረሰ።

በዚህ አገር እንዲህ ካለው ነገር በኋላ የሚሆነው ይታወቃል። አዳራሽ ይከፈታል፤ የሃይማኖት አባቶችና የአገር ሽማግሌዎች ከፊት ይቀመጣሉ፤ ባለሥልጣን ይናገራል፤ መተቃቀፍ አለ፤ ፎቶ አለ። የማታው ዜና ሕዝቡ ይቅር እንደተባባለ ይነግረናል። ቤቱ የነደደበት ሰው አዳራሹ ውስጥ ነበር ወይ? ወንድሙን የገደለው ሰው ስምስ ተጠራ ወይ? ይህን የሚጠይቅ ሰው ዕርቅ እንደሚጠላ ይቆጠራል። ጥቅሱም ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፦ ሰባ ጊዜ ሰባት።

ጥቅሱን ሰንበት ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ጴጥሮስ ወንድሜን ስንት ጊዜ ይቅር ልበለው ብሎ ሲጠይቅ የተሰጠው መልስ ነው፤ እውነትም ወሰን የሌለው ትእዛዝ ነው። ብዙ የማይጠቀሰው የዚያው የማቴዎስ ወንጌል 5ኛ ምዕራፍ ነው። መባውን ይዞ መሠዊያው ፊት የቆመ ሰው ወንድሙ የተቀየመበት ነገር እንዳለ ትዝ ካለው መባውን እዚያው ትቶ መጀመሪያ ሄዶ እንዲታረቅ ታዟል። እግሩን የሚያነሣው የተበደለው አይደለም፤ የበደለው ነው። ዘኬዎስም ጌታን በቤቱ ሲቀበል በእንባ ብቻ አላለፈም፤ የቀማውን አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገባ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ስለ ንስሐ የምታስተምረውም ይኸው ነው፦ መጸጸት፣ ለነፍስ አባት መናዘዝ፣ ቀኖና መቀበል፤ የሰረቀ ይመልሳል፣ የበደለ ይክሳል። ቂም የያዘ ሰው ወደ ቁርባን አይቀርብም፤ በደሉን የደበቀም እንዲሁ።

ሕዝቡ ከልቡ የሚወደው የምሕረት ታሪክ ግን ሌላ ነው፤ በላዔ ሰብእ። 78 ሰዎችን፣ የገዛ ቤተሰቡን ጭምር፣ የበላ ሰው ለአንድ የተጠማ ለምጻም በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ ሰጠ። ነፍሱ ለፍርድ ስትቀርብ በሚዛኑ በአንድ ወገን 78 ነፍሳት፣ በሌላው ያቺ ጥርኝ ውኃ ተቀመጡ። እመቤታችን ጥላዋን ጣለችበትና ውኃው ደፋ። የካቲት 16 ለኪዳነ ምሕረት ይህን ሰምቶ የማያለቅስ አሮጊት የለም፤ ሊያስለቅስም ይገባዋል። እግዚአብሔር ሲምር ሒሳብ እንደማይዝ የሚናገር ታሪክ ነው። በሚዛኑ ላይ ያሉት 78ቱ ግን አንድ ቃል አይናገሩም። ችሎቱ የሰማይ ነውና መናገር አይጠበቅባቸው ይሆናል። ችግሩ የሚመጣው ምድራዊ ሹም ያንን ሚዛን ሊይዝ ሲነሣ ነው።

ወሎ ይህን ቀድማ አይታዋለች። ዐፄ ቴዎድሮስ የሸዋውን አልጋ ወራሽ ምኒልክን በልጅነታቸው ማርከው መቅደላ ላይ አሳደጓቸው፤ ልጃቸውን አልጣሽንም ዳሩላቸው። በዚያው አምባ የወረ ሂመኖ ገዥ የነበሩት የወይዘሮ ወርቂት ልጅ ታስሮ ነበር። ሰኔ 24 ቀን 1857 ዓ.ም. ሌሊት ምኒልክ ከአምባው አመለጡና ወርቂት ግዛት ገቡ። የንጉሠ ነገሥቱ አማች በእናትየው እጅ፣ የእናትየው ልጅ በንጉሠ ነገሥቱ እጅ ሆኑ። መለዋወጥ ይቻል ነበር። ቴዎድሮስ ግን ፋታ አልሰጡም፤ ወጣቱን ከሌሎች የወሎ እስረኞች ጋር አስገድለው ገደል አስጣሏቸው።

ወርቂት ያን ጊዜ በእጃቸው የነበሩትን የቴዎድሮስን አማች ቢያስገድሉ በዘመኑ ሕግ ማን ይፈርድባቸው ነበር? አጃቢ ሰጥተው ወደ ሸዋ ሸኟቸው። ውሳኔው ፖለቲካ የለበትም ማለት አይደለም፤ ከሸዋ አልጋ ጋር መወዳጀት ለወሎ ገዥ ይጠቅማል። የሆነው ግን ይህ ነው፦ ደም ለመመለስ ሙሉ ምክንያት የነበራቸው ሙስሊም እናት እጃቸውን ሰበሰቡ፤ ዳዊት ደጋሚው ንጉሥ ያልበደለ ልጅ ገደሉ።

ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ እዚያው መቅደላ ሌላ ነገር ሆነ። ዕለቱ ጸሎተ ሐሙስ ነበር፤ ካህናት ዝቅ ብለው የሰው እግር የሚያጥቡበት ቀን። ቴዎድሮስ እንጀራና ውኃ ያጡ እስረኞች ጩኸት አስቆጥቷቸው ከመቶ በላይ ሰው ገደል አስወረወሩ። ማታውን ንጉሡ እያለቀሱ ከእግዚአብሔር ምሕረት ሲለምኑ እንደተሰሙ ይተረካል። እንባቸውን መጠራጠር አያስፈልግም። ከሟቾቹ ቤተሰብ አንዱን ግን የለመነ የለም፤ በአራተኛው ቀን ንጉሡም ሞቱ።

ከዚያ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የወሎ ሙስሊም ክርስትና እንዲነሣ አስገደዱ። የተጠመቀው ተጠመቀ፣ የሸሸው ሸሸ፣ ሼኽ ጦልሃን የመሰሉት አመፁ። ለዚህ በዙፋን ስም የቀረበ ይቅርታ የለም። የኢትዮጵያ ዙፋን ምሕረት መስጠት ያውቅበታል፤ ይቅርታ መጠየቅ ግን አልለመደም።

በክርስቲያናዊነቱ ከሁሉም በላይ የሚወደሰው ምሕረት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. የታወጀው ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በአምስተኛው ዓመት አዲስ አበባ ሲመለሱ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ፣ በጣሊያን ላይ ግፍ እንዳይፈጽም አዘዙ። ትእዛዙ ታላቅ ነበር፤ ሕዝቡ በአመዛኙ መፈጸሙ ደግሞ ከትእዛዙ ይበልጣል። የየካቲት 12ቱ እልቂት ገና አራት ዓመቱ ነበር፤ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት የተረሸኑት በ1929 ዓ.ም. ግንቦት ነው። ያም ሆኖ ብዙ ጣሊያናዊ መካኒክና ግንበኛ ሆኖ እዚሁ ቀረ። ጣርማ በርን በስቶ በጨፋ በኩል ወደ ደሴ የሚያልፈው መንገድ ራሱ የእነሱ ዘመን ሥራ ነው።

ሆኖም ይህን ምሕረት ማን ለመነ? ግራዚያኒ በአገሩ ፍርድ ቤት የተፈረደበት ከናዚ ጀርመን ጋር በመተባበሩ ነው፤ የተፈረደበት 19 ዓመት ሲሆን በወራት ውስጥ ተፈታ። ለኢትዮጵያ ደም አንድ ቀን እንኳ ችሎት አልቆመም። በ2004 ዓ.ም. በትውልድ መንደሩ አቅራቢያ በአፊሌ መታሰቢያ ተሠራለት። ይቅር የተባለ ሰው መበደሉን ሳያምን ሲቀር የሚሆነው ይህ ነው፤ ይቅርታው ሐውልት ይሆንለታል።

ከዚያ የሚቀርበው የደርግ ባለሥልጣናት ጉዳይ ነው። በ2003 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስን ጨምሮ የሃይማኖት መሪዎች ሞት የተፈረደባቸው የደርግ ሰዎች ይቅርታ እንዲደረግላቸው ተማለዱ። በዚያው ዓመት ግንቦት የ23ቱ የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ፤ በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ 16ቱ ወጡ። አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው በደርግ እስር ዓመታት አሳልፈዋል። ቤተ ክርስቲያኒቱም ፓትርያርኳን አቡነ ቴዎፍሎስን በ1971 ዓ.ም. በዚሁ መንግሥት ተነጥቃለች። ስለዚህ ስለ ራሳቸው በደል ይቅር ለማለት ከማንም የበለጠ መብት ነበራቸው። ልጇ በቀይ ሽብር መንገድ ላይ ተጥሎ ያገኘች እናት ግን ውክልና አልሰጠቻቸውም። ከተጎጂ ቤተሰቦች መካከል ሳንጠየቅ ነው የተባለው ብለው የተቃወሙ ነበሩ፤ ቅሬታቸውም ብዙ ቦታ ሳያገኝ ታለፈ። እነዚያን ሽማግሌዎች በሞት ከመቅጣት ማዳኑ መልካም ነበር። ስሙ ግን ምሕረት ነው፤ ይቅርታ ሌላ ነው፣ ባለቤትም አለው።

ወደ ጨፋ ስንመለስ ነገሩ የሚገርም መልክ ይይዛል። በ1999ኙ ቆጠራ ከዞኑ ሕዝብ ከ95 በመቶ በላይ ሙስሊም ነው፤ ክርስቲያኑ ጥቂት ነው። ከሚሴ አቅራቢያ ጥሩ ሲና የሚባል የሱፊዎች የዝየራ ስፍራ አለ። የሼኮች ችሎት የሚባለው እዚያ ይቀመጣል። አንትሮፖሎጂስቷ መሮን ዘለቀ ሰፊ ጥናት አድርገውበታል። ወደዚህ ችሎት ሙስሊሙ ብቻ አይመጣም፤ ክርስቲያኑም ይመጣል፣ በነፍስ ጉዳይም ይመጣል። ክርስቲያኑ ሃይማኖቱን ትቶ አይደለም የሚሄደው፤ ደም የሚደርቅበትን ቦታ ፈልጎ ነው።

በወሎ ደም የማድረቅ ሥርዓት፣ በአበጋሮቹም ዘንድ ሆነ በሼኮቹ፣ ቅደም ተከተሉ አይዘለልም። የገዳይ ወገን ሽማግሌ ይልካል። ጥፋቱን ያምናል። ካሳው፣ ኦሮሞው ጉማ የሚለው፣ ይቆረጣል። መሐላ ይኖራል፤ እርግማንም ይፈራል። አብሮ መብላት የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ማቴዎስ 5ን አንብቦ ከዚህ ሥርዓት ጋር ያስተያየ ሰው አንድ መጽሐፍ ያነበበ ይመስለዋል።

ይህን ማሞገስ ብቻ ደግሞ ሐቁን ማጉደል ይሆናል። ካሳውን ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ገዳዩ ሳይሆን ዘመዱ ነው። ባሏን ያጣች ሴት ድርሻዋ በወንዶች አፍ ይወሰናል። ከሁሉ በላይ ሥርዓቱ የተሠራው ሰው ሰውን ለገደለበት ጉዳይ ነው። ከተማ ሲቃጠል፣ ገዳዩ ታጣቂ ሲሆን፣ ከጀርባውም ስሙ የማይጠራ አለቃ ሲኖር ሽማግሌ የሚልከው የየትኛው ጎሳ ነው? አጣዬና ከሚሴ ላይ የተሰነጠቀው እዚህ ጋ ነው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ለባህላዊ ሥርዓቶች ቦታ ይሰጣል፤ ከክስና ከእውነት ማፈላለግ ጎን ቅድመ ሁኔታ ያለበትን ምሕረትም ይዟል። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ በአንቀጽ 28 በሰው ዘር ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎች በምሕረትም በይቅርታም እንደማይታለፉ ደንግጓል። ቅድመ ሁኔታው ምን እንደሚሆን ዋናው ክርክር ነው። ከአዳራሹ ፎቶ በፊት ያደረገውን አምኖ የሚቆም ሰው ከተጠየቀ፣ ቤቱ የተቃጠለበትም ካሳውን ካየ፣ የጨፋ ሰው የሚያውቀው ዓይነት ነገር ይሆናል። ይህ ከቀረ ደግሞ ምሕረቱ ከአዲስ አበባ በደብዳቤ ይመጣና በሁለቱም ዞን ያሉ ሟቾች እንደ 78ቱ ዝም ብለው ሚዛን ላይ ይቀመጣሉ።

በባህሉ ደሙ ያልደረቀ ወገን ከባለ ደሙ ጋር በአንድ ገበያ አይውልም፣ ከአንድ ውኃ አይጠጣም። የጨፋ ሣር ግን አንድ ነው። ቦርከናም አንድ ነው። ዝናቡ ካባራ በኋላ እያንዳንዱ እረኛ ከብቱን ወደዚያ ለማውረድ በሌላው መንደር ደጃፍ ማለፍ አለበት።