መምህርነትና አማካሪነት፤ የተማሪዎች ምክር በትምህርት ቤት እንዴት እንደ ተጀመረ

«ምክር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» የሚለው የአባቶች ተረት ለንጉሥ ብቻ የተነገረ አይደለም። ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ዓለም የሚወጣ ወጣትም መካሪ ካላገኘ መንገዱ ይጠፋበታል። ይሁን እንጂ ተማሪን በትምህርት ቤት ውስጥ ሊመክረው የሚገባው ማን ነው? ለዚሁ ሥራ ተለይቶ የሠለጠነ ባለሙያ ነውን? ወይስ በየቀኑ ፊቱን የሚያየው መምህር? ይህ ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከራክር ኖሯል። ታሪኩን ባጭሩ ብንመለከተው ለእኛም ትምህርት የሚሆን ነገር እናገኝበታለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የነገሩ መነሻ አሜሪካ ነው። ቀድሞ ልጅ የአባቱን ሥራ እያየ ያድግ ነበር፤ የገበሬ ልጅ እርሻን፣ የአንጥረኛ ልጅ አንጥረኝነትን ከቤቱ ይማር ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ግን ፋብሪካዎች ተስፋፉ፤ የሥራውም ዓይነት በዛ። ስለዚህ አባት እርሱ ራሱ የማያውቀውን ሥራ ለልጁ ሊመክር አልቻለም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም ተማሪያቸው እየበዛ ስለ ሄደ ርእሰ መምህሩ እያንዳንዱን ልጅ በስሙ የሚያውቅበት ጊዜ እያለፈ ሄደ።

በዚህ ጊዜ ሚስተር ጄሲ ዴቪስ የተባሉ መምህር ተነሡ። በዲትሮይት ከተማ ከ1898 እስከ 1907 ድረስ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ኃላፊ ሆነው ሲሠሩ ተማሪዎቹን ስለ ትምህርታቸውና ስለ ወደ ፊት ሥራቸው ያነጋግሯቸው ነበር። በ1907 በግራንድ ራፒድስ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር በሆኑ ጊዜ ሥራውን ለመምህራኖቻቸው አካፈሉ። የእንግሊዝኛ መምህራን በሳምንት አንዱን የድርሰት ክፍለ ጊዜ ለዚሁ ምክር እንዲያውሉት አደረጉ። ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ላሉት ተማሪዎችም ርእሱ በተራ ተደለደለ፤ ትንንሾቹ ስለ ምኞታቸውና ስለ ትምህርት ጥቅም፣ መካከለኞቹ ስለ ጠባይና ስለ ዓለም ሥራ፣ ትልልቆቹ ደግሞ ስለ ሥራ ምርጫና ስለ ዜግነት ግዴታ ይጽፉ ነበር።

ይህ ዘዴ ጥበብ ያለበት ነው። ድርሰትን የማይማር ተማሪ ስለሌለ ምክሩ ለሁሉም ይደርሳል። ከዚህም በላይ ልጅ ፊት ለፊት ተጠይቆ የማይናገረውን በወረቀት ላይ ይገልጸዋል፤ መምህሩም ድርሰቱን ሲያርም የተማሪውን ሐሳብ አብሮ ያነባል።

በ1908 ደግሞ ሚስተር ፍራንክ ፓርሰንስ በቦስተን ከተማ ወጣቶች ስለ ሥራ ምርጫ ምክር የሚቀበሉበትን ቢሮ ከፈቱ። ትምህርታቸውም ሦስት ነገሮችን የያዘ ነበር፤ አንደኛ ራስን ማወቅ፣ ሁለተኛ የሥራውን ዓይነት ማወቅ፣ ሦስተኛ ሁለቱን በማስተዋል ማገናኘት። ሚስተር ፓርሰንስ በዚያው ዓመት ስለ ሞቱ መጽሐፋቸው የታተመው በ1909 ነው። ሥራቸው ግን አልቆመም። የቦስተን ትምህርት ቤቶች ሐሳቡን ተቀብለው ከ100 የሚበልጡ መምህራንን አማካሪ አድርገው ሾሙ።

ችግሩም የታየው በዚሁ ነው። ብዙዎቹ መምህራን የማስተማር ሥራቸው ሳይቀነስላቸው፣ ደመወዝም ሳይጨመርላቸው ነበር አማካሪ የተባሉት። ስሙ ተሰጣቸው፤ ጊዜው ግን አልተሰጣቸውም። መምህር ቀኑን ሙሉ ሲያስተምር ውሎ፣ ማታ ደብተር እያረመ፣ በየትኛው ሰዓት ተማሪውን ያነጋግረዋል? በጎ ፈቃድ ብቻውን ይህን ሸክም ሊሸከም አይችልም።

ከቺካጎ በስተ ሰሜን የሚገኘው የኒው ትሪየር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግን በ1920ዎቹ ሌላ መንገድ አሳየ። ተማሪዎች በትንንሽ ቡድን ተከፋፍለው ለየቡድኑ አንድ መምህር አማካሪ ተመደበ፤ በየጠዋቱም ከእርሱ ጋር ይገናኙ ጀመር። መምህሩ የትምህርት ምርጫቸውን ይከታተላል፤ ከወላጆቻቸውም ጋር ይነጋገራል። ዋናው ነገር ይህ ሥራ እንደ ትርፍ ሥራ ሳይሆን እንደ መምህሩ መደበኛ ሥራ መቆጠሩ ነው።

ኋላ ግን ሶቪየት ኅብረት በጥቅምት 1957 ስፑትኒክን ወደ ጠፈር በላከች ጊዜ አሜሪካኖች የትምህርታቸው ነገር እጅግ አሳሰባቸው። በ1958 በወጣው ሕግ ተማሪዎችን ለመፈተንና አማካሪዎችን ለማሠልጠን ከመንግሥት ገንዘብ ተመደበ። በ1959 ዶክተር ጄምስ ኮናንት ባወጡት ጥናት ለ250 ወይም ለ300 ተማሪ አንድ የሠለጠነ አማካሪ እንዲኖር አሳሰቡ። ባለሙያ መገኘቱ መልካም ነው። ነገር ግን 300 ልጆችን የያዘ ሰው፣ ምንም ቢሠለጥን፣ እያንዳንዱን በየቀኑ ሊያይ አይችልም። ስለዚህ በ1989 እና በ1996 በዚያው አገር የወጡ ሁለት ታላላቅ የትምህርት ጥናቶች እያንዳንዱ ተማሪ በትምህርት ቤቱ ውስጥ በቅርብ የሚያውቀው አንድ ትልቅ ሰው ሊኖረው ይገባል ሲሉ አሳሰቡ። ነገሩ ዞሮ ወደ ዴቪስ ሐሳብ የተመለሰ ይመስላል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ምንድን ነው? ባለሙያና መምህር አንዱ ሌላውን የሚተካ አይደለም። ከባድ ችግር የገጠመውን ተማሪ የሚረዳው ባለሙያው ነው፤ ችግሩ ሳይከብድ የሚያየው ግን መምህሩ ነው። አንድ ልጅ ሦስት ቀን ቢቀር፣ ወይም ይወድደው በነበረው ትምህርት ድንገት ቢደክም፣ አስቀድሞ የሚያውቅ ማን ነው?

በአገራችንም ትምህርት ቤቶች የክፍል ኃላፊ መምህር አለን። ስም ይጠራል፤ ማርክ ይሰበስባል፤ ካርድ ይሞላል፤ ወላጅ ያስጠራል። በአንድ ክፍል 50 እና ከዚያም በላይ ተማሪ ሲቀመጥ ይህ ብቻ እንኳ ብዙ ድካም ነው። ሆኖም እኛ ተማሪዎች የተፈጥሮ ሳይንስ ወይስ የማኅበራዊ ሳይንስ ብለን የምንመርጥበት ቀን ሲደርስ፣ ብዙዎቻችን የምንከተለው ጓደኛ የሄደበትን ነው። የዚያ ቀን ምርጫ ደግሞ ለብዙ ዓመት አብሮን ይኖራል።

ስለዚህ የክፍል ኃላፊ መምህራን በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ለምክር ቢሰጣቸው፣ ያም ክፍለ ጊዜ ከሥራ ድልድላቸው ቢቆጠርላቸው፣ አንዱ መምህርም ተማሪዎቹን ከዓመት ወደ ዓመት ይዞ ቢሄድ መልካም ይሆናል። ወላጆችም ወደ ትምህርት ቤት የሚመጡት ልጃቸው ባጠፋ ጊዜ ብቻ ሳይሆን፣ ስለ ልጃቸው ዝንባሌ ከመምህሩ ጋር ለመመካከርም ቢሆን ጥቅሙ ታላቅ ነው። እኛም ተማሪዎች በበኩላችን የልባችንን ሳንደብቅ ልንናገር ይገባናል፤ ያልነገሩትን የሚመክር መምህር የለምና።