ብዝኃ ሕይወት

«ብዝኅ» በግእዝ ብዛት ማለት ሲሆን ግሡ «በዝኀ» ነው፤ የአማርኛው «በዛ»ም ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው። ስለዚህ «ብዝኃ ሕይወት» ሲባል የሰማ ሰው ስለ ፍጥረታት ቍጥር ብቻ የሚነገር ቢመስለው አይፈረድበትም፤ ዳሩ ግን የቃሉ ምሥጢር ከቍጥሩ ይልቅ በዝምድናው ላይ ያርፋል።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1862 ቻርልስ ዳርዊን ከማዳጋስካር የመጣ ነጭ የኦርኪድ አበባ ቢመረምር፣ ከአበባው በታች እንደ ጅራት የተንጠለጠለው ቀጭን ቱቦ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ረዝሞ፣ ወለላውም ከግርጌው ብቻ ተጠራቅሞ አገኘውና፣ እስከዚያ የሚደርስ ምላስ ያለው የእሳት እራት በደሴቲቱ መኖር አለበት ሲል ጻፈ። እርሱ ካረፈ ከ21 ዓመት በኋላ፣ በ1903፣ ያ እራት በሊቃውንት መዝገብ ስሙ ተጻፈ።

ዳርዊን እንዳብራራው፣ ቱቦው ያጠረ አበባ እራቱ ፊቱን ሳያስጠጋ ወለላውን መጥጦለት ስለሚሄድ፣ ብናኙን የሚያደርስለት አጥቶ ዘሩ ይመነምናል፤ ምላሱ ያጠረ እራትም ከወለላው ሳይደርስ ይቀራል፤ እንዲህም ትውልድ በትውልድ እየተተካ አንዱ ሌላውን ሲያስረዝም፣ ሁለቱም ዛሬ የምናደንቀውን መልክ ያዙ። ሊቃውንት የጋራ ዝግመተ ለውጥ የሚሉት ይህ ነው።

እንግዲህ «ብዝኃ ሕይወት» ብለን ስንጽፍ፣ ቍጥርን ብቻ ሳይሆን፣ ፍጥረት ፍጥረትን የቀረጸበትን ረጅም ዘመን እንደምንጠራ እናስብ፤ እራቱ የጠፋ እንደ ሆነ አበባው ከነወለላው መካን ሆኖ ይቀራልና።