መምህሩ በራቀ ጊዜ፤ የሕፃናት የርቀት ትምህርት ታሪክና ለመምህራን ሥልጠና ያለው ፋይዳ

መግቢያ

የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ከመምህሩ ተለይቶ እንዲማር የተገደደባቸው ጊዜያት በዓለም የትምህርት ታሪክ ውስጥ ጥቂት አይደሉም። የመኖሪያ ርቀት፣ ወረርሽኝና ጦርነት በየዘመኑ ሕፃኑን ከክፍሉ አርቀውታል። እንዲህ ያለ ችግር በደረሰ ቁጥር የትምህርት ኃላፊዎች በቅድሚያ የሚያነሡት ጥያቄ «ትምህርቱን በምን እናድርስ?» የሚል ነው። ፖስታ፣ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ በኋላም ኢንተርኔት ለዚህ ጥያቄ መልስ ሆነው ቀርበዋል። ዳሩ ግን ከዚህ ቀጥሎ ሊመጣ የሚገባው ጥያቄ፣ ይኸውም «የደረሰውን ትምህርት ሕፃኑ በደስታና በትጋት እንዲከታተለው የሚያደርገው ምንድን ነው?» የሚለው፣ ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ይቀራል።

እንደሚታወቀው ሁሉ፣ የተልዕኮ ትምህርት የሚከታተል ዐዋቂ በፊቱ የሚጠብቀው ፈተና፣ የምስክር ወረቀት ወይም የሥራ ዕድገት አለው። የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ሕፃን ግን ስለ ሩቅ ዓላማ ብሎ አይማርም። ለእርሱ ትምህርት ማለት ስሙን የሚጠራው መምህር፣ አጠገቡ የሚቀመጠው ጓደኛው፣ በትክክል ሲመልስ የሚሰማው ጭብጨባ ነው። እነዚህ በአንድ ቀን ሲጠፉበት የቀረለት መጽሐፍ ብቻውን አያጽናናውም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም በአውስትራሊያ፣ በቺካጎ፣ በኒካራጓና በኬንያ የተደረጉትን ሙከራዎች ከሀገራችን ተሞክሮ ጋር በማገናዘብ፣ የሕፃናትን የመማር ፍላጎት ጠብቆ ያቆየው ምን እንደነበረ መመርመርና ከዚህም ለመምህራን ሥልጠና የሚጠቅመውን ማመልከት ነው።

1. የአውስትራሊያ በረሃ ልጆች

በአውስትራሊያ መካከለኛ ክፍል የሚኖሩ የከብት አርቢ ቤተሰቦች ከጎረቤቶቻቸው ብዙ ኪሎ ሜትሮች የሚርቁ በመሆናቸው፣ ልጆቻቸው በአቅራቢያቸው ትምህርት ቤት አልነበራቸውም። ለእንደነዚህ ያሉ ልጆች በፖስታ የሚላክ ትምህርት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1914 በቪክቶሪያ ግዛት ነበር። ልጁ የተላከለትን መልመጃ እናቱ አጠገቡ ሆና እየረዳችው ይሠራል፤ የታረመው ወረቀት ግን የሚመለስለት ከብዙ ቀናት በኋላ ነው። ጥያቄው በአእምሮው ውስጥ በነበረበት ጊዜ መልስ አያገኝም፤ መልሱ ሲደርሰው ደግሞ ጥያቄውን ረስቶታል።

እ.ኤ.አ. በ1928 በቄስ ጆን ፍሊን ጥረት የበራሪ ሐኪም አገልግሎት ተቋቋመ። በማግሥቱ ዓመት አልፍሬድ ትሬገር በእግር እየተመታ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ የመገናኛ ሬዲዮ ሠርቶ በየእርባታው ቤት እንዲገባ አደረገ። መሣሪያው የታሰበው ለሕሙማን ነበር። የቀድሞ የትምህርት ቤቶች ኢንስፔክተር የነበሩት አዴሌድ ሚትኬ ግን አንድ ነገር አስተዋሉ፤ የበረሃው ልጆች ከሰው ጋር ባለመዋላቸው እጅግ ዓይን አፋሮች ነበሩ፤ በዚያው ሬዲዮ መነጋገርን ግን ከቤተሰባቸው ጋር ተለማምደውት ነበር። በዚህ ሐሳብ መነሻነት ከሙከራ ሥርጭቶች በኋላ እ.ኤ.አ. ሰኔ 8 ቀን 1951 በአሊስ ስፕሪንግስ ከተማ የአየር ትምህርት ቤት በይፋ ተከፈተ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ የትምህርት ቤቱ መነሻ የእውቀት ጉድለት ብቻ ሳይሆን የብቸኝነት ጉዳትም መሆኑ ነው። በመጀመሪያ ትምህርቱ ከመምህሩ ወደ ልጆቹ ብቻ የሚሄድ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ግን በሥርጭቱ መጨረሻ የጥያቄና መልስ ጊዜ ተጨመረ። ልጁ ድምፁን ለመምህሩ ብቻ ሳይሆን በሩቅ እርባታ ለሚኖረው የክፍል ጓደኛውም ማሰማት ቻለ። የትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ተበታትነው የሚኖሩበት ምድር ወደ 1.3 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚገመት ሲሆን፣ ይህም ከመላው ኢትዮጵያ ስፋት ይበልጣል። ሆኖም በዚያ ስፋት ውስጥ አንድ ክፍል ተፈጠረ ለማለት ይቻላል። የሬዲዮው ጊዜ በቀን ከአንድ ሰዓት የማይበልጥ ነበር፤ የቀረው ሥራ የሚከናወነው በፖስታ በሚደርሰው መልመጃና አጠገብ ባለው ዐዋቂ አማካይነት ነው። ልጆቹ አልፎ አልፎ በከተማው እየተሰበሰቡ በአካል እንዲተዋወቁም ይደረግ ነበር። ሬዲዮው ከ2000ዎቹ ዓመታት ወዲህ በሳተላይትና በኢንተርኔት ቢተካም፣ አጭር የቀጥታ ግንኙነት፣ በቤት የሚሠራ መልመጃና አጠገብ የሚቀመጥ ዐዋቂ የተባሉት ሦስት ምሰሶዎች አልተለወጡም።

2. የቺካጎ ሙከራ

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1937 በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ የፖሊዮ ወረርሽኝ በመነሣቱ ትምህርት ቤቶች በመደበኛው ጊዜ ሳይከፈቱ ቀሩ። የከተማው የትምህርት አስተዳደር ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ለሚገኙ 315,000 ያህል ተማሪዎች በሬዲዮ ትምህርት ለመስጠት ወሰነ። ጣቢያዎቹ ጊዜያቸውን በነፃ ሰጡ፤ ጋዜጦች የየዕለቱን ፕሮግራምና መመሪያ አተሙ፤ እያንዳንዱ ትምህርት 15 ደቂቃ ያህል ይፈጅ ነበር። ከዚህም ሌላ መምህራን ተመድበው የወላጆችን ጥያቄ በስልክ እንዲመልሱ ተደረገ። በመጀመሪያው ቀን ከ1,000 በላይ ጥሪዎች በመድረሳቸው የመምህራኑን ቁጥር መጨመር አስፈልጓል።

በጥቂት ቀናት ውስጥ ይህን ያህል ሥራ መደራጀቱ የሚደነቅ ነው። ይሁን እንጂ ጉድለቶቹም ወዲያው ታዩ። ሬዲዮ የሌላቸው ወይም ጣቢያው በጥራት የማይሰማቸው ቤተሰቦች ነበሩ። ትምህርቱ እጅግ ይፈጥናል የሚል ቅሬታ ቀረበ፤ አንድ ነጥብ ያመለጠው ልጅ መምህሩን «ይድገሙልኝ» ሊለው አልቻለም። ቀድሞውንም ይከብዳቸው የነበሩት ልጆች ይበልጥ ወደ ኋላ እንዳይቀሩ ተሠጋ። የስልኩ አገልግሎት እጅግ መጨናነቁም የሚያስረዳው ነገር አለ። ሕፃኑ በሥርጭቱ ውስጥ የሚናገርበት ቦታ ስላልነበረ፣ ጥያቄው በወላጁ አፍ መውጣት ነበረበት። ጠያቂ ወላጅና ስልክ ያልነበረው ሕፃን ጥያቄ ግን የትም አልደረሰም።

3. ኒካራጓና ኬንያ፤ ዝም የሚል ሬዲዮ

እ.ኤ.አ. በ1974 በኒካራጓ የተጀመረው የሬዲዮ ሒሳብ ፕሮጀክት ይህንኑ ችግር ከሥሩ ለመፍታት የተነሣ ነው። ፕሮጀክቱን ከአገሪቱ የትምህርት ሚኒስቴር ጋር ያዘጋጁት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው። የአሠራሩ ዋና ነጥብ በጽሑፍ ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ሬዲዮው ይጠይቃል፣ ከዚያም ዝም ይላል። በዚያ ዝምታ ውስጥ ልጆቹ ጮኸው ይመልሳሉ፣ ጣታቸውን ይቆጥራሉ፣ ይነሣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ይጽፋሉ። ወዲያው ትክክለኛው መልስ ይነገራቸዋል። መልመጃዎቹ በጨዋታና በዘፈን እየተቆራረጡ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይቀጥላሉ። እያንዳንዱ ሥርጭት ከመመዝገቡ በፊትና በኋላ በልጆች ላይ ይሞከር ስለነበር፣ ትኩረታቸው የሚበተንበት ቦታ እየታየ ይታረም ነበር።

በፈተና ሲመዘኑ በሬዲዮ የተማሩት ክፍሎች በተለመደው መንገድ ከተማሩት እጅግ የተሻለ ውጤት አገኙ። ከዚህ ልምድ በመነሣት ከ1980 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. በኬንያ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች የእንግሊዝኛ ቋንቋ ትምህርት በዚሁ ዘዴ ተሰጠ። ውጤቱም አበረታች ነበር።

ከአውስትራሊያው ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ግልጽ ነው። በአሊስ ስፕሪንግስ መምህሩ ልጁን በእርግጥ ይሰማዋል፤ በኒካራጓ ሬዲዮው ማንንም አይሰማም። ሆኖም ሥርጭቱ የተዘጋጀው የልጁን ምላሽ ገምቶና ጠብቆ ስለነበረ፣ ልጁ ራሱን እንደ ተሰሚ ይቆጥር ነበር። የመሣሪያው ዓይነት ሳይሆን የምላሽ ቦታ መኖሩ ወሳኝ መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ማስረጃ አይገኝም።

4. የሀገራችን ተሞክሮ

በሀገራችን የትምህርት በሬዲዮ ሥርጭት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በርካታ አሠርት ዓመታት ያስቆጠረ አገልግሎት ነው። ነገር ግን ይህ ሥርጭት የታሰበው ለክፍል ነበር። መምህሩ ከሥርጭት በፊት ተማሪዎቹን ያዘጋጃል፣ በሥርጭት ጊዜ ይከታተላል፣ ከሥርጭት በኋላ ያስደግማል፤ ሬዲዮው የመምህሩ ረዳት እንጂ ምትኩ አልነበረም። በ1990ዎቹ አጋማሽ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውና በተለምዶ «ፕላዝማ» የተባለው የቴሌቪዥን ትምህርት ደግሞ፣ ፍጥነቱ ከተማሪው አቅም ጋር አይመጣጠንም የሚል ብርቱ ትችት አስከትሎ እንደነበር ይታወሳል። የቺካጎው ቅሬታ ከስድሳ ዓመታት በላይ ቆይቶ በእኛም ዘንድ ተሰማ ማለት ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ሕመምተኛ መገኘቱ ተገለጸ፤ መጋቢት 7 ቀን ደግሞ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። ከ26 ሚሊዮን የሚበልጡ ተማሪዎች ከክፍላቸው ተለዩ። የትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ሥርጭት ቀጠለ፤ በከተሞች የትምህርት ጽሑፎች በቴሌግራም ጭምር ተላኩ። ትምህርት ቤቶች ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እስኪከፈቱ ድረስ ሰባት ወራት ያህል አለፉ። በእነዚህ ወራት ውስጥ ለክፍል የተዘጋጀው ሥርጭት ያለ ክፍል ቀረ። ከሥርጭት በፊት የሚያዘጋጅ፣ ከሥርጭትም በኋላ የሚያስደግም ሰው አልነበረም። የገጠሩ ልጅ በሥርጭቱ ሰዓት ከብት ጥበቃ ላይ ወይም ውኃ ቀድቶ በመመለስ ላይ ሊሆን ይችላል፤ በቤቱም ሬዲዮ ላይኖር ይችላል።

ጉዳዩ በወረርሽኙ ማብቃት አልተዘጋም። በትግራይ በጦርነቱ ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች እስከ 2015 ዓ.ም. ተዘግተው ቆይተዋል፤ በአማራ ክልልም በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በተነሣው ግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ሥራ አቁመዋል። የሴራሊዮንም ታሪክ ማስጠንቀቂያ ነው። በዚያ አገር በኢቦላ ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች እስከ ሚያዝያ 2015 እ.ኤ.አ. ሲዘጉ በሬዲዮ ትምህርት ይሰጥ ነበር። ትምህርት ቤቶቹ ሲከፈቱ ግን በዚያ ጊዜ ያረገዙ ልጃገረዶች ወደ ክፍል እንዳይመለሱ ተከለከሉ፤ እገዳው የተነሣው በ2020 ነው። ትምህርቱ በአየር ላይ ቢሠራጭም፣ ልጃገረዶቹን «የት ደረሳችሁ?» ብሎ የሚከታተል ካልኖረ ሥርጭቱ ብቻውን አያድናቸውም።

5. ከታሪኩ የሚገኘው ትምህርት

ከዚህ በላይ ከቀረቡት ተሞክሮዎች በመነሣት፣ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ የሚከተሉት ነጥቦች ቢካተቱ መልካም ይሆናል።

ሀ) እጩ መምህራን ለሬዲዮ ወይም ለድምፅ መልእክት የሚሆን አጭር ትምህርት መጻፍን ይለማመዱ፤ ከእያንዳንዱ ጥያቄ በኋላ ሕፃኑ የሚመልስበት በቂ ዝምታ መኖሩም ይመዘን። በክፍል ውስጥ እንኳ ጠይቆ መጠበቅ የሚቸግረው መምህር በሬዲዮ ከቶ ሊጠብቅ አይችልም።

ለ) ያልተማረ ወላጅ ሊያግዝ የሚችላቸው መልመጃዎች ይዘጋጁ። እናት ማንበብ ባትችልም ልጇ የተማረውን እንዲተርክላት ልትጠይቅ፣ ጤፉን በጣሳ እየሰፈረች ልታስቆጥረው፣ ተረት ነግራ መልሶ እንዲነግራት ልታደርግ ትችላለች።

ሐ) ታላቅ ተማሪ ታናሹን የመርዳት ልማድ ይጠናከር። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል የለየው ልጅ ገና ጀማሪውን ሲያስቀጽል፣ ትምህርቱም ጮክ ተብሎ በድምፅ ሲሰጥ ኖሯል። የኒካራጓው ሬዲዮ ያገኘው ምሥጢር በእኛ የዛፍ ጥላ ሥር የነበረ ነው።

መ) የሥርጭትና የመልመጃ ሰዓት የልጆችን የቤት ሥራና የገበያ ቀን ግምት ውስጥ ያስገባ፤ አጭርም ይሁን።

ሠ) መምህሩ ለእያንዳንዱ ተማሪ በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ ስሙን የጠራ መልእክት የሚያደርስበት ዘዴ ይቀየስ። ስልክ በሌለበት የደብተር መቀበያና መመለሻ ቦታ በቀበሌው ሊወሰን ይችላል። በደብተሩ ላይ ከ«ትክክል» ወይም ከ«ስሕተት» ምልክት ሌላ አንድ የማበረታቻ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ።

ረ) ትምህርት ቤት ሲከፈት የመጀመሪያው ሥራ ፈተና ሳይሆን የስም ጥሪ ይሁን። ያልተመለሰው ልጅ፣ በተለይም ልጃገረዷ፣ በየቤቱ ይፈለጉ።

ማጠቃለያ

የሕፃናትን መልካም መንፈስ መጠበቅ ሲባል በምክርና በማባበል ማስደሰት ብቻ የሚመስላቸው አሉ። ታሪኩ ግን ሌላ ያሳያል። የአውስትራሊያው ልጅ የተበረታታው መምህሩ ስለሰማው ነው፤ የኒካራጓው ልጅ የተጋው ሬዲዮው መልሱን ስለጠበቀ ነው፤ የቺካጎው ልጅ ወደ ኋላ የቀረው ድምፁ የሚገባበት ቦታ ስላልነበረ ነው። ሕፃን ከመምህሩ ርቆ ሳለ ተስፋ የሚያደርገው፣ አሁንም ከተማሪዎች ተርታ እንደሚቆጠር ሲያውቅ ነው። ሬዲዮም ሆነ ኢንተርኔት ይህን ማወቅ ለሕፃኑ የሚያደርሱ መንገዶች ናቸው፤ የሚያደርሰው ግን መምህሩ ነው። ስለዚህ ለቀጣዩ መዘጋት የሚደረገው ዝግጅት፣ መሣሪያ ከማከማቸት ጎን ለጎን፣ ከማሠልጠኛ ኮሌጅ ክፍሎች ሊጀምር ይገባዋል።