ባለ ታብ ብራውዘርና ወደ እርሱ መዛወር

ባለ ታብ ብራውዘር የሚባለው፣ በአንድ መስኮት ውስጥ ብዙ ገጸ ድሮችን አንድ ላይ ከፍቶ፣ እያንዳንዱን በራስጌው በተደረደረው ታብ እየለየ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው በቅጽበት ለማለፍ የሚያስችል የኢንተርኔት ማንበቢያ ፕሮግራም ነው። ዛሬ ይህ ጠባይ የሌለው ብራውዘር በሥራ ላይ እምብዛም ስለማይገኝ፣ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ሥርዓት ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ ከገባበት ከ1997 (በዚህ መጣጥፍ ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በኋላ ለብዙ ዓመታት አብዛኛው ተጠቃሚ የሚያውቀው ከዊንዶውስ ጋር ተጭኖ ይመጣ የነበረውን ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን ብቻ ነበርና፣ ከእርሱ ወጥቶ ወደ ሌላ መዛወር ዕውቀትም ቁርጥ ሐሳብም የሚጠይቅ ተግባር ነበር።

የነገሩ ጥንት እንዲህ ነው። ቲም በርነርስ ሊ በ1990 የመጀመሪያውን ብራውዘር ሰርን በተባለው የምርምር ማእከል ከሠራ፣ ሞዛይክ የተባለው ብራውዘርም በ1993 ሕዝቡን ከድረ ገጽ ጋር ካስተዋወቀ በኋላ፣ ኢንተርኔትዎርክስ የተባለ ብዙ ስም ያላተረፈ ብራውዘር በ1994 ታብን አሳየ፤ የኖርዌዩ ኦፔራም ብዙ ገጾችን በአንድ መስኮት ማኖርን ቀደም ብሎ መለያው አደረገው። ሞዚላ በ2001 ከተቀበለው በኋላ ታብን ለብዙኃኑ ያደረሰው ግን፣ ኖቬምበር 9 ቀን 2004 የወጣው ፋየርፎክስ 1.0 ነው። ማይክሮሶፍት በበኩሉ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6ን በ2001 ካወጣ በኋላ አምስት ዓመት ያህል ዘግይቶ፣ በ2006 በወጣው በሰባተኛው ዕትም ታብን ጨመረ። ጎግል ክሮም በ2008 ሲመጣ ደግሞ ታቦቹን ለየብቻ በሚሠሩ ክፍሎች ስለ ለያያቸው፣ የአንዱ ገጽ መበላሸት ብራውዘሩን በሙሉ ይዞ የሚወድቅበት ዘመን እያበቃ ሄደ።

ይህ ለውጥ መስመሩ ፈጣን ለሆነለት አገር የምቾት ጉዳይ ሊባል ይችላል፤ መስመሩ ለሚዘገይበት ስፍራ ግን ጥቅሙ ከዚያ እጅግ የላቀ ነው። ለምሳሌ፣ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሞያሌ መንገድ ላይ የምትገኘው ዲላ፣ በ1996 የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሆኖ ተመሥርቶ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ለመሆን የበቃው ተቋም መቀመጫ እንደ መሆኗ መጠን፣ ለጎረቤቷ ለጪጩና በዙሪያዋ ላሉት የጌዴኦ ቀበሌዎች የትምህርትም የንግድም ማእከል ናት። በኢንተርኔት ካፌ ሒሳብ በደቂቃ በሚታሰብበት ጊዜ፣ ተማሪው አንዱን ገጽ እያነበበ ሌሎቹን ከበስተ ኋላ በየታባቸው እንዲጫኑ ማድረጉ፣ ባዶ መስኮት እያየ ለሚጠብቅበት ጊዜ ከመክፈል አድኖታል፤ መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ ቀድመው የተጫኑት ገጾች በፊቱ ተዘርግተው ይቆዩለታል። የትርጓሜ ሊቅ ንባቡን ከአንዱ መጽሐፍ፣ ምስክሩን ከሌላው እያመሳከረ እንደሚያስተምር ሁሉ፣ ባለ ታብ ብራውዘርም አንባቢው አንዱን ገጽ ሳያጥፍ በሌላው እንዲመረምረው ያደርጋል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2008 ቡና ማገበያየት ከጀመረ ወዲህም፣ የጪጩ ቡና ነጋዴ የአገር ውስጡን ዋጋ በአንድ ታብ፣ የኒውዮርኩን በሌላ ከፍቶ ማነጻጸር ይችላል።

በአማርኛ ለሚያነብ ሰው ከታብ የማያንስ ሌላ የመዛወር ምክንያትም ነበር። የግእዝ ፊደል በ1999 የዓለምን ፊደላት ለኮምፒዩተር በሚደነግገው በዩኒኮድ ሦስተኛ ዕትም ቢካተትም፣ በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ የነበረው ዊንዶውስ ኤክስፒ ይህን ፊደል የያዘ ፎንት ስላልነበረው፣ ገጹ በባዶ አራት ማዕዘኖች ተሞልቶ ይታይ ነበር፤ ማይክሮሶፍት ንያላ የተባለውን ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የሰጠው በኋላ ነው። ፋየርፎክስ ግን አንድ የዩኒኮድ ግእዝ ፎንት በኮምፒዩተሩ ላይ ከተጫነ ራሱ ፈልጎ ፊደሉን ያሳይ ነበር። በስልክ በኩል ደግሞ፣ በ2006 ለዓለም የቀረበው ኦፔራ ሚኒ ገጹን በራሱ ሰርቨር አጭቆ በመላኩ የዳታ ወጪን እጅግ ከማቅለሉም በላይ፣ ውስብስብ ፊደላትን በሥዕል መልክ የሚያመጣ ቅንብር ስለነበረው፣ ግእዝ የማያውቀው ስልክ ሳይቀር አማርኛ ለማሳየት በቅቷል። ይህን ያህል ያተትኩት፣ በገዛ ፊደሉ ማንበብ ለተከለከለ ሕዝብ የፍጥነት ነገር ሁለተኛ ጉዳይ ነው ብዬ ስለማምን ነው።

የመዛወሩ ሥርዓት አስቸጋሪ አይደለም። ፕሮግራሙን ከባለቤቱ ድረ ገጽ ብቻ ማውረድ፣ ከተጫነም በኋላ በቀድሞው ብራውዘር የተቀመጡትን ዕልባቶች ወደ አዲሱ ማስገባት፣ በመጨረሻም አዲሱን መደበኛ ብራውዘር አድርጎ መሰየም ይበቃል። ኮንትሮልና ቲ አዲስ ታብ ይከፍታሉ፤ ኮንትሮልና ደብሊው ይዘጋሉ፤ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቲ አንድ ላይ ሲጫኑ ደግሞ በስሕተት የተዘጋው ታብ ይመለሳል። መስመር ለሚያንስበት ቦታ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ዛሬ በቅድሚያ የሚወርደው ትንሽ ፋይል ብዙ ጊዜ የቀረውን ከኢንተርኔት የሚጎትት መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ዲላ ላይ ሙሉውን መጫኛ አውርዶ፣ ከቫይረስ ነጻ መሆኑ በተመረመረ ፍላሽ ወደ ጪጩ ማድረስ ይሻላል። እያንዳንዱ ታብ የኮምፒዩተሩን ሜሞሪ ስለሚካፈል፣ አሮጌ መሣሪያ ያለው ሰው ታቦቹን ያለ ልክ ማብዛት የለበትም፤ ብዙ ሰው በሚጋራው ኮምፒዩተር ላይም የይለፍ ቃልን እንዲያስታውስ ለብራውዘሩ መፍቀድ ፈጽሞ አይገባም።

ማይክሮሶፍት ለኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 11 በዊንዶውስ 10 ላይ ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ ጁን 15 ቀን 2022 አቁሟል፤ በዊንዶውስ 7 ላይ የሚሠራው የመጨረሻው ክሮምም 109ኛው ነው። ስለዚህ የትምህርት ቤትና የወረዳ ኮምፒዩተር ክፍሎችን የምትጠብቁ ባለሙያዎች ሆይ፣ አሮጌው ብራውዘር ብቻ የቀረበትን መሣሪያ ሁሉ መርምራችሁ፣ ለዊንዶውሱ የሚስማማውንና የጥበቃ ማሻሻያ የሚደርሰውን ብራውዘር ጫኑበት፤ ከግእዝ ፎንት ጋርም አስረክቡት።